ቅዳሜ ማታ ምን ይሰማል? ጃማይካ ላይ ጸጥ ያለ ማረፊያ አፈላለግ

ሰኞ ስገባ ገነት ነበር። ከፊት ባሕር፣ ከኋላ የማንጎ ዛፍ፣ በረንዳው ላይ የተንጠለጠለ የገመድ አልጋ። ከማዕበሉ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ጠዋት ደስ ብሎኝ የ10 ቀኑን ሂሳብ ጠቅልዬ ከፈልኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከአጥሩ ማዶ ቆመ። ሦስት ጎረምሶች ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስፒከሮች ማውረድ ጀመሩ። ደርድረው ሲጨርሱ ከአጥሩ በላይ ወጣ። አንዱ ማይክሮፎኑን በጣቱ ቷ ቷ አደረገና "ቼክ፣ ቼክ" አለ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ቤዙ ሲገባ የመስኮቴ መስታወቶች አብረው ይንጫጩ ጀመር። ራስጌዬ ያስቀመጥኩት የብርጭቆ ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያን ውሃ ሳይ ቆየሁ።

አከራይዋ አልዋሸችኝም። "ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት፤ "በጣም" አለችኝ። የጠየቅኳት ሰኞ ነው፤ የመለሰችልኝም የሰኞን ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ጃማይካ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ እንቅልፍም አግኝቻለሁ። እንዴት እንደማፈላልግ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀንና ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

1. የማትችሉትን ድምፅ ለዩ

ጃማይካ ላይ ድምፅ የሌለበት ሌሊት የለም። ይህን ከተቀበላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ። እንደ ኩሬ እንቁራሪት አይንኳረሩም፤ ያፏጫሉ። የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው፤ ዛፉ ላይ፣ የአበባ ማሰሮው ሥር፣ አንዳንዴም መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተደብቀው እስኪነጋ ያፏጫሉ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ በመቶ ሆነው ነው። መጀመሪያ የሰማኋቸው ሌሊት የአንድ ሰው መኪና አላርም የጮኸ መስሎኝ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። ዶሮው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ውሻው ውሻን ሲጠራ ሰፈሩ ሁሉ ይከተላል። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የውሻ ጩኸት ከእንቅልፉ አይቀሰቅሰውም።

ከዚያ የሰው ድምፅ አለ። የመንገድ ዳር መሸታ ቤት፣ ሳውንድ ሲስተም የሚሉት የስፒከር ክምር፣ በማይክ የሚያመልክ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳይለንሰሩ የወለቀ ሞተር ሳይክል፣ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር።

ወረቀት አውጡና ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ጋ እየተሰማ የምትተኙበትን፣ ሌላው ጋ ፈጽሞ የማያስተኛችሁን ጻፉ። እኔ ተፈጥሮ የሚያወጣው ድምፅ ሁሉ እንቅልፌን አይነካውም፤ ቤዝ ግን ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይመታል። ባለቤቴ ተቃራኒ ናት። ሬጌ እየሰማች ድብን ብላ ትተኛለች፤ ዶሮ ከጮኸ አለቀላት። አብራችሁ የምትሄዱ ሰዎች ወረቀታችሁን አስተያዩ። ማረፊያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

2. የደሴቱን ጥግ ምረጡ

ጃማይካ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ወደ 235 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች። ዓለም የሚያውቃት በሰሜንና በምዕራብ ዳርቻዋ ነው፦ ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦቾ ሪዮስ፣ ኔግሪል። ትልልቆቹ ሆቴሎች፣ የምሽት ጭፈራውና የውሃ ላይ ሞተር ሁሉ እዚያ ነው። የመርከብ ጎብኚ ደግሞ በፋልመዝ፣ በኦቾ ሪዮስና በሞንቴጎ ቤይ ይራገፋል፤ አንድ መርከብ ሲቆም በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጠዋት ይወርዳል። ኔግሪል የግድ ካላችሁ አሸዋውን ትታችሁ ዌስት ኤንድ የሚባለውን የገደል ዳርቻ ፈልጉ። አሸዋው ላይ መሸታ ቤቱ ተደርድሯል፤ ገደሉ ላይ ግን ቤቶቹ ራቅ ራቅ ይላሉ።

እኔ የምመክረው ሦስት ቦታ ነው። ሦስቱ አይመሳሰሉም።

ትሬዠር ቢች። ደቡብ ላይ፣ ሴንት ኤልዛቤዝ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ነው። መንደር ስል አንድ አይደለም፤ ቢሊስ ቤይ፣ ፍሬንችማንስ ቤይ፣ ካላባሽ ቤይና ግሬት ቤይ የሚባሉ አራት የባሕር ወሽመጦች ተያይዘው ነው። ትልቅ ሆቴል የለም። መሬቱ ደረቅ፣ ቀይ አፈር ነው። ገበሬዎቹ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ማሳውን በታጨደ ሣር ያለብሱታል፤ ሽንኩርቱና ሐብሐቡ በዚያ ሣር መሐል አንገቱን አውጥቶ ይታያል። ማታ የሚሰማው ባሕሩና ፍየሉ ነው። ባሕሩ ግን ኃይለኛ ነው፣ ይስባል። ዋና እንደ ልብ ለምትፈልጉ፣ ሕፃናት ለያዛችሁ፣ እዚህ ተጠንቀቁ። ከሞንቴጎ ቤይ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ የሰላሙ አንዱ ምክንያት ይሄ ርቀት ነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ይህን አካባቢ በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ መታው። ገና ሳያገግም በኦክቶበር 2025 ሜሊሳ መጣ፤ በደሴቱ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። ጣሪያ ተነቅሏል፣ መስመር ተበጥሷል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ ከአውሎ ነፋሱ በፊት የተነሣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት የተነሣ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ግንባታ ያለበት ሰፈር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መዶሻ ነው፤ "ጎረቤት እየሠራ ነው ወይ?" ማለት አትርሱ። ይህን ስል ሂዱ እንጂ አትሂዱ ማለቴ አይደለም። የእንግዳ ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው አሁን ነው።

ፖርት አንቶኒዮ። ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ፣ ፖርትላንድ ውስጥ ናት። የጃማይካ ቱሪዝም ሀሁ ያለው እዚህ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙዝ የሚጭኑት መርከቦች ባዶ ከሚመጡ መንገደኛ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ዛሬ ግን ከተማዋን ግርግሩ አልፏት ሄዷል። ከከተማው በስተምሥራቅ ሳን ሳን፣ ድሬፐርስና ሎንግ ቤይ አካባቢ በዛፍ የተሸፈኑ ትናንሽ ማረፊያዎች ታገኛላችሁ። ፍሬንችማንስ ኮቭ በሚባለው ቦታ ቀዝቃዛ ወንዝ ነጭ አሸዋ ላይ እየፈሰሰ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ወገባችሁ ድረስ ገብታችሁ አንድ እግራችሁ ይሞቃል፣ ሌላው ይበርዳል። መግቢያ ያስከፍላል። ዊኒፍሬድ የሚባለው ዳርቻ ደግሞ የአካባቢው ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያስደረገው ነው። በሥራ ቀን ባዶ ነው፤ እሁድ ቤተሰብ በሙሉ ድስቱን ተሸክሞ ይመጣል።

የፖርት አንቶኒዮ ዋጋው ዝናብ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ተራራው ላይ ተጋጭቶ ውሃውን እዚያው ያራግፈዋል። አረንጓዴ የሆነው በከንቱ አይደለም። እንቁራሪቱም የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የፉጨት ነገር ወረቀታችሁ ላይ ከሰፈረ እዚህ አትምጡ።

ብሉ ማውንቴን። ባሕር ካልናፈቃችሁ ከሁሉም ጸጥ ያለው ይህ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። ከኪንግስተን ወደ አይሪሽ ታውን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ መንገዱ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ልብ ይሰቅላል። ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ። ቡና ካፊያ ውስጥ፣ ከደመና በላይ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መጠጣት ነው። ቡናው ደሴቱ የገባው በ1728 ከማርቲኒክ ነው፤ የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር የት እንደሚያርፍ እናንተው ታውቃላችሁ።

እዚህም ወጥመድ አለች። ወደ ጫፉ የሚወጡ ሰዎች ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው የሚነሡት። የመንገዱ መጀመሪያ አጠገብ ያሉ ማረፊያዎች ውስጥ ካደራችሁ ቡትስ ሲጎተት፣ ዚፕ ሲከፈት፣ "ባትሪውን የት አደረግከው" ሲባባሉ ትሰማላችሁ። የማትወጡ ከሆነ ከመንገዱ ራቅ ያለ ያዙ።

3. ቀኑን አስተካክሉ

ዋናው የእንግዳ ወቅት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ ዋጋውም ሰውም ከፍ ይላል። ማርች ላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ኔግሪልንና ሞንቴጎ ቤይን ይወርሯቸዋል። በእነሱ ፋሲካ ሰሞን፣ እንዲሁም ኦገስት 1 እና 6 ያሉት የነፃነት በዓላት ሲደርሱ፣ ጃማይካውያን ራሳቸው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ትሬዠር ቢች ላይ ካላባሽ የሚባል የሥነ ጽሑፍ ድግስ አለ፤ በሁለት ዓመት አንዴ ሜይ ላይ ይደረጋል። ሥነ ጽሑፍ ለምትወዱ ሸጋ ነው፤ ዝምታ ለምትፈልጉ ግን ያ ሳምንት አይሆንም፤ ክፍልም አይገኝም።

አውሎ ነፋሱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው የሚጠበቀው። ዝናቡ ሜይና ኦክቶበር ላይ ይበረታል። እኔ የምሄደው ከኖቬምበር የመጨረሻ ሳምንት እስከ ዲሴምበር 10 ባለው ጊዜ ነው። ቤቱ ባዶ ነው፣ ዋጋው አልተሰቀለም፣ ባለቤቱም ለመጫወት ጊዜ አለው።

4. ካርታው ላይ አጉልታችሁ እዩ

ስፍራውን ካወቃችሁ በኋላ የሳተላይቱን ካርታ ክፈቱና ቤቱን ፈልጉ። ከዚያ በ300 ሜትር ዙሪያ ምን አለ? መሸታ ቤት፣ የእግር ኳስ ሜዳ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ነዳጅ ማደያ። ሜዳ ካለ ዝግጅት አለ ማለት ነው፤ ስፒከር የሚደረደረው እዚያ ነው። ዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? የመንገድ ላይ ፎቶ ካለ እሱን ይዛችሁ በሰፈሩ "ተራመዱ"። መሸታ ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ካርታው ላይ ስም የላቸውም። ትንሽ የእንጨት ቤት፣ የቢራ ማስታወቂያ የተቀባበት ግድግዳ፣ ደጅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ካያችሁ እሱ ነው።

ነፋሱንም አስቡ። ጃማይካ ላይ ነፋሱ ባመዛኙ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። መሸታ ቤቱ ከእናንተ በስተምሥራቅ ከሆነ ሙዚቃውን እየተሸከመ ያመጣላችኋል። በስተምዕራብ ከሆነ ይወስድላችኋል። ተራ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አይቼዋለሁ።

ራቅ ያለ ሁሉ ጥሩ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ጎረቤት የሌለው ቤት ሌሊት ላይ ጸጥ ያለ ብቻ ሳይሆን ያስፈራልም። በተለይ ብቻችሁን የምትሄዱ ሴቶች፣ ባለቤቶቹ በዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩበትን እንግዳ ማረፊያ ምረጡ። ጓሮ ያለች አንዲት እናት ከአጥርም ከካሜራም ትሻላለች።

5. የእንግዶችን አስተያየት አንብቡ፤ ሁሉንም አይደለም

አምስት ኮከቡን እለፉት። አንድ ኮከቡንም እለፉት፤ ሰውዬው የተናደደው በሌላ ነገር ነው። ሦስትና አራት ኮከብ የሰጡት ናቸው እውነቱን የሚያወሩት። መፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ሙዚቃ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ ጄኔሬተር የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ እያስገባችሁ ፈልጉ። ሰውየው ያደረው በየትኛው ቀን እንደሆነም ከተገለጸ አስተውሉ። የሥራ ቀን ብቻ ያደረ ሰው ምስክርነት የእኔን የሰኞ ጥያቄ ይመስላል።

የማስታወቂያውንም ቋንቋ ልመዱት። "ላይቭሊ" ካለ አትተኙም። "ጥሩ ቫይብ አለው" ካለ ከታች መሸታ ቤት አለ። "ለሁሉም ነገር ቅርብ" ማለት መንገድ ዳር ማለት ነው። "መንገዱ ትንሽ አስቸጋሪ ነው" የሚል ካገኛችሁ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ሳውንድ ሲስተም የጫነ መኪና እዚያ አይወጣም።

6. ደውሉ

ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ ነው። ጽሑፍ አይበቃም። በዋትስአፕ ደውሉ። የምትደውሉበት ሰዓት ደግሞ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ይሁን፤ የጃማይካ ቅዳሜ ማታ። ጃማይካ ከኢትዮጵያ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የምትደውሉ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ቅዳሴ ለምትሄዱ አይከብዳችሁም። ከዋሽንግተን አካባቢ የምትደውሉ ከኖቬምበር እስከ ማርች ሰዓታችሁ አንድ ነው፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር ግን እነሱ ሰዓት ስለማይቀይሩ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ስልኩ ሲነሣ አትናገሩ፣ አድምጡ። ከኋላ ምን ይሰማል? ባለቤቱ እየጮኸ ካወራችሁ መልሱ ተገኘ።

በዚያ ሰዓት መደወል ነውር ነው የምትሉ፣ ቀደም ብላችሁ መልእክት ላኩና "ቅዳሜ ማታ ብደውል ይመቻችኋል?" ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ስልኩ ሲነሣም ሰላምታው ይቅደም። ጃማይካውያን በዚህ እኛን ነው የሚመስሉት። "ጉድ ኢቭኒንግ" ሳይሉ ወደ ጥያቄ የሚገባ ሰው ያልተገራ ነው። ስም ሲጠሩም "ሚስ" ወይም "ሚስተር" አስቀድመው ነው፤ ወይዘሮና አቶ እንደማለት።

"ጸጥ ያለ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ማን አይደለም ይላል? እንዲህ ጠይቁ፦

ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ብቀመጥ ምን ይሰማኛል?

ቅርብ ያለው መሸታ ቤት የማን ነው? ስንት ሰዓት ይዘጋል?

እኔ በምመጣበት ሳምንት በአካባቢው ዝግጅት አለ?

ቤተ ክርስቲያኑ የትኛው ነው፣ ሌሊት ጸሎት አለው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለየት ያለች ናት፦ በሰፈሩ ሰሞኑን የሞተ ሰው አለ? እንዲህ ስትሉ ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ምክንያቱን ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ጃማይካ ውስጥ ናይን ናይት የሚባል ልማድ አለ። ሰው ሲሞት ጎረቤትና ዘመድ ሌሊቱን ተሰብስቦ በሙዚቃ፣ በዶሚኖ፣ በሩምና በምግብ ያመሻል፤ ሟቹን መሸኘት ነው። እኛ ድንኳን ጥለን መንገድ እንደምንዘጋው ማለት ነው። በለቅሶ ላይ ቅሬታ የለም። ከሆነ ሆነ፤ እንዲያውም ሄዳችሁ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብትሉ ደግ ነው።

7. ስለ ቤቱ ራሱ ጠይቁ

የጃማይካ ቤት መስኮት አንድ ወጥ መስታወት አይደለም። ጠባብ መስታወቶች ወይም ጣውላዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው፣ በእጅ ዘንግ የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው። ለነፋስ ግሩም ነው። ለድምፅ ግን ተዘጋም አልተዘጋም ያው ነው፤ በየመሐሉ ይገባል። የዚያን ዓርብ ሌሊት ሲንጫጩ ያደሩት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ መኝታ ቤቱ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ የሚለው ጥያቄ ከስፋቱም ከዕቃውም ይበልጣል። ጓሮ ያለውን ትንሹን ክፍል ውሰዱ።

ኤሲ ካለ ድምፅ ይሸፍናል። ጥሩ ቬንትሌተርም እንዲሁ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ጄኔሬተር የት ነው የተቀመጠው፣ የእነሱ ነው የጎረቤት? ሶላር ካላቸው ትልቅ ነገር ነው። በደረቁ ደቡብ ደግሞ ውሃ ችግር ስለሆነ ሮቶ አላቸው ወይ በሉ፤ ፓምፑ ከአልጋችሁ ግድግዳ ጀርባ እንዳይሆንም ጠይቁ። እኔ አንዴ ሌላ ቦታ ሁሉን ጠይቄ ፓምፑን ረስቼ፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ስነቃ ሰነበትኩ።

ኤሌክትሪኩ 110 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም የአሜሪካ ዓይነት። ከአገር ቤት የምትሄዱ አዳፕተር ያዙ።

8. ቀብድ ስጡ እንጂ ሁሉን አትክፈሉ

ሁለት ሌሊት ብቻ ያዙ። አንዱ የግድ ዓርብ ይሁን። ሐሙስ ገብታችሁ ዓርብን አድራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ወስኑ። ከተመቻችሁ እዚያው ትጨምራላችሁ፤ በባዶው ወቅት ከሄዳችሁ ክፍሉ የትም አይሄድም፣ ዋጋም ይቀንሱላችኋል። ካልተመቻችሁ በጠዋት በሰፈሩ ዞር ዞር ብላችሁ ሌላ እዩ። ኢንተርኔት ላይ ያልወጡ ብዙ ቤቶች አሉ።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቪዛውን ነገር በያዛችሁት ፓስፖርት አረጋግጡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በአሜሪካ በኩል የምታልፉ ከኤርፖርት ባትወጡም የአሜሪካ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቤቱን ከፍሎ እዚህ ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

9. ስትደርሱ

ከኤርፖርት ባለቤቱ የሚያውቀውን ሾፌር እንዲልክላችሁ አድርጉ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ቀይ ታርጋ አለው። ኮንትራት ይወደዳል፤ በየመንገዱ ሰው እየጫነ የሚሄደው የጋራ ታክሲ ርካሽ ነው፣ ግን ከእነሻንጣችሁ አምስት ሆናችሁ ትጨናነቃላችሁ፤ ሙዚቃውም አለ። "ሱን ካም" ካሏችሁ "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ማለት ነው፤ ልክ እንደኛው "መንገድ ላይ ነኝ"።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። አይታል የሚባለውን የራስታ ምግብ ጠይቁ። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና አትክልት ነው። ጨው አይወዱምና ጨው ለብቻ ጠይቁ።

ሙዚቃው ከመጣ ምን ይደረግ? ጃማይካ ከ1997 ጀምሮ የድምፅ ሕግ አላት። የአደባባይ ዝግጅት የፖሊስ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በሥራ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካለፈ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግን እንግዳ ሰው በመጀመሪያ ሌሊቱ ፖሊስ አይጠራም። በማግሥቱ ጠዋት ወደ መሸታ ቤቱ ሂዱ፣ ሰላም በሉ፣ ለስላሳ ግዙ፣ ትንሽ ተጫወቱ። ከዚያ "ያቺ ስፒከር ወደዚያ ብትዞርልኝ" በሉ። እኔ እንዲህ ብዬ አንዴ ዞሮልኛል። ቤዙ ባይጠፋም ውሃዬ ረጋ። የጆሮ መሰኪያ ግን ሁልጊዜ ሻንጣ ውስጥ ይኑር።

10. ከየት መጣችሁ ሲሏችሁ

ይህ እርምጃ ለእኛ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር ሰው አያስፈልገውም።

ጃንሆይ ኪንግስተን ያረፉት ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ነው። ከአውሮፕላኑ በር ላይ ቆመው ያዩትን የሕዝብ ብዛት ጃማይካውያን ዛሬም ድረስ ይተርኩታል፤ ራስታዎች ቀኑን በዓል አድርገው ያከብሩታል። በ1970 ኪንግስተን ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ፤ ቦብ ማርሌ የተጠመቀው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ የቀብሩም ጸሎት እንዲሁ። ስለዚህ "ከኢትዮጵያ ነኝ" ማለት እዚያ ተራ መልስ አይደለም። ሻሸመኔን ይጠይቋችኋል። ስለ ላሊበላ ይጠይቋችኋል። ከመጽሐፍ የተማራትን አማርኛ የሚሞክር ሽማግሌ ይመጣል፤ "እንደምን አደርክ" ይላችኋል፣ ምሽት ቢሆንም። አቮካዶ ያመጡላችኋል። በረንዳችሁ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ነገሥታት እስከ እኩለ ሌሊት ያወራሉ፤ ደክሞኛል ብሎ መነሣት ደግሞ ይከብዳል።

እኔ በሁለተኛው ቀን ነው የምናገረው፤ አንድ ሌሊት ጠግቤ ከተኛሁ በኋላ።